የጋሼ ዘውዴን ሸራ ጫማ ለደበቃችሁ

"ጋሼ ዘውዴ አረፉ" ብሎ ጠዋት የደወለልኝን ሰው ደግሞ እንዲነግረኝ ለመንኩት። እኚያ ሰው ይሞታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለማታውቋቸው፣ በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ከተማ የስፖርት አስተማሪያችን ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ፈተና ያለብን ቀን ሌላው አስተማሪ "አርፋችሁ አጥኑ" ሲል፣ እሳቸው በማለዳ ሰብስበው የሚኤሶን መንገድ ቁልቁል ያስወርዱንና ዳገቱን እያስሮጡ ይመልሱናል። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የለመዱት ቃል "ካኣ" ነበር፤ ተነሱ ማለት ነው።

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ስናንጎላጅ እንኳ ከኋላ "ካኣ" ይሉናል። አንድ ቀን ካድሬው አፈጠጠባቸው። "ጓድ፣ እግር ከቆመ ጭንቅላት ይዝጋል" አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሒሳብ የገባኝ ያንን ዳገት ከለመድኩ በኋላ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር።

ጡረታ ወጥተውም በየማለዳው ኳስ ሜዳው ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። የሁላችንንም ስም ከነአባታችን ያውቁታል። ልጆቻቸው መኪና ሲገዙ የአባታቸው በእግር መሄድ አሳፈራቸው። "የሞላላቸው ልጆች እያሉት ይኳትናል እንባላለን" ብለው ሸራ ጫማቸውን ደብቀው ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። ብድግ ሲሉ፣ "ኧረ ይቀመጡ አባባ፣ ምን ጎደለብዎት?" ጎረቤቱም "አንቀባረው ያዟቸው" እያለ ይመርቃል። ክብር መሆኑ ነው እንግዲህ። ያቅለሸልሸኛል።

ሐኪም አይደለሁም፤ እርጅናም አለ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ሶፋው ላይ መዋል ከጀመሩ ወዲህ መጀመሪያ ስም ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ሰው።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ አላወቁኝም። ጆሯቸው ስር "ካኣ፣ ጋሼ" አልኳቸው። እግራቸው ከሳቸው ቀድሞ ሰማኝ፤ ተነሱ። ክንዴን ይዘው ግቢውን ስንዞር ቆይተን በሩ ጋ ቆም አሉና፣ "አልማዝ፣ ሒሳቡ እንዴት ነበር?" አሉኝ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ልጃቸው ብቅ ብሎ፣ "ኧረ ምን ነካሽ፣ ሰው ቢያይ ምን ይላል?" ብሎ መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲህ ስሜን አልጠሩትም።

ይኸው ሰው ዛሬ እዚሁ ፌስቡክ ላይ "አባቴን መሬት ሳላስረግጥ ጦርኩት" ብሎ ጽፏል። አዎ፣ መሬት አላስረገጥካቸውም።

ጋሼ፣ ደህና ይሂዱ። ነገ በመኪና አጅበው ሊወስዱዎት ነው አሉ። እኛ ተማሪዎችዎ ግን እስከ ቤተክርስቲያኑ በእግራችን እንከተልዎታለን። መኪና ቢያቆሙልንም አንገባም።