ከኢምባካሲ እስከ ጊጊሪ፦ የዐረብኛ ፈተና ጉዞ

አየር ማረፊያው ካለበት ከኢምባካሲ የተነሣሁት ጎሕ ሳይቀድ ነው። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ጊጊሪ በሚገኝ የርዳታ ድርጅት ለዐረብኛና ለአማርኛ አስተርጓሚነት መፈተን። በአየር ማረፊያው የዕቃ ጭነት ክፍል ያለኝ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ እናቴንም የማስተዳድረው በዚያው ደመወዝ ነው።

ማታቱው፣ የከተማዋ ሚኒባስ፣ ከልክ በላይ ሞልቷል።

«ማማ፣ ሶንጋ!» አለ ረዳቱ፣ እንድጠጋለት በእጁ እያመለከተ።

«ወዴት ልጠጋ? ከዚህ ወዲያ መስኮት ነው።»

«መስኮቱማ ክፍት ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

መሃል ከተማ

ሌላ ማታቱ እስኪሞላ ከዝናብ ተጠልዬ ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ በሻይ ቀመስሁ። ወሎ ሳለሁ አባቴ በቁርኣን ቤት ልማድ ዐረብኛን በዜማ አስነብቦኛል፤ ትርጉሙን ግን የተማርሁት በቅርቡ፣ ከሥራ መልስ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ በዐረብኛ ፊደል ጽፎ የተወውን የአማርኛ መንዙማም ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ።

ጊጊሪ

የጽሑፉን ፈተና በእርጋታ ጨረስሁ። ቀጥሎ አንድ ሱዳናዊ ፈታኝ ማስታወቂያ ሰጠኝና ድምፄን አሰምቼ እንዳነብ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት የወጣው የቁርኣን ቤቱ ድምፅ ነበር፤ ተነባቢውን እያጠበቅሁ፣ አናባቢውን እያስረዘምሁ ወረድሁበት። ከጎኑ የተቀመጠችው ባልደረባው ሻሿን አስተካክላ አንገቷን ደፋች።

«ኡስታዛ፣» አለኝ በዐረብኛ፣ ሳቁን እየዋጠ፤ «የውሃ ቦቴው ዘገየ እኮ ነው የሚለው። አሚን ልንል ነበር!»

ደግሜ ሞከርሁ፤ ዜማው አልለቀቀኝም። ፈጠን ፈጠን እያለ ሲጠይቀኝም ወደኋላ ቀረሁ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«አሳምሮ አስተምሮሻል፤ ለሌላ ሥራ ነው እንጂ።»

በመጨረሻም የስድስት ወር የጽሑፍ ትርጉም ሥራ ሰጡኝ። አስተርጓሚነቱ ለሌላ ሰው ሆነ።

መልስ

መንገዱ ተዘጋግቶ፣ እግሬ አብጦ ቤቴ ደረስሁ። ከጉዞው የተረዳሁት፣ የወረስሁት ንባብ ብቻውን እንደማያስቀጥረኝ፣ ያለ እርሱ ግን እስከ ፈታኞቹ ጠረጴዛ እንኳ እንደማልደርስ ነው። ስድስት ወር ተርፎልኛል፤ በዚያ ውስጥ ሰው እንደሚያወራው ማውራት መልመድ አለብኝ።

እናቴ ጫማዬን እስካወልቅ አልታገሠችም።

«ምን አስነበቡሽ?»

«የውሃ ማስታወቂያ፣ እማ።»

«አሳምረሽ አነበብሽው?»

«ከልክ በላይ።»

«የአባትሽ ልጅ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። ሥራውን ስለ ማግኘቴ የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው።