ሊጡ ለዶሮ የተጣለ ቀን

ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ በመፍቻ ነው ያስተማረኝ፤ ጭንቅላቴን እየመታ። ቆቦ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጋራዥ አብረን ስንሠራ ኖርን። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ደንቆሮ ይለኛል። ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ፊደል መማር ስጀምር፣ «ሀ ሁ ስትል ካምቢዮው ብድግ ብሎ የሚገጠምልህ ይመስልሃል?» ብሎ ደንበኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ያን ሳቅ አልረሳሁትም። የምረሳም ሰው አይደለሁም።

ሥራውን ግን ያውቅ ነበር፤ አልዋሽም። የሌላ መኪና ካምቢዮ ከአሮጌ ሞተር ጋር ሲጋባ ዝም ብሎ አይገጥምም። የቡሎኑ ቀዳዳ ልክ ቢሆንም፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ሞተሩ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ የማሽላ ሊጥ ይጠቀጥቃል። ካምቢዮውን በእጅ ገፍቶ ያስጠጋና መልሶ ያወጣዋል። ሊጡ ከተረፈ ደህና፤ ተጠፍጥፎ ብረት ከብረት ከተገናኘ ግን ዘንጉ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይቆረጣል። «በእጅ ያልገባ በቡሎን አይገባም» ይለኝ ነበር፤ እንዳልረሳው በመፍቻ ያስረግጥልኛል።

የጋራዡ ባለቤት አንድ ሐጂ ናቸው። ራሳቸው የተሞሸሩባት የድሮ የጣሊያን መኪና አለቻቸው፤ ካምቢዮዋ በጦርነቱ ጊዜ ተፈቶ ተወስዷል። ልጃቸው ወደ ዋጃ ከተማ ልትዳር ስትል ከሌላ መኪና የወጣ ካምቢዮ አምጥተው ጋሼ ፊት አስቀመጡ።

«ልጄን በዚች መኪና ካላወጣኋት፣ ወላሂ አንተም ከዚህ ትወጣለህ። ዓይንህ ደክሟል፣ እጅህም ይንቀጠቀጣል።»

ጋሼ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። የሚተኛው እዚያው ጋራዡ ጥግ፣ ከጎማው ክምር ጀርባ ነበር። ውጣ ማለት አስፋልት ላይ ውደቅ ማለት ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ሐጂ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሼ ሊጡን በመዳፉ እያሸ ነበር።

«አጃኢብ! ይሄ ሰውዬ መካኒክ ነው ወይስ የሠርጉ ጋጋሪ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ወጡስ ደርሷል?» አሉ ሌላው።

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሼ ሰው ላይ መሳቅ እንጂ ሲሳቅበት መቻል አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ። ሊጡን ለዶሮዎቹ ወረወረና «ግባ!» አለኝ። መኪናዋ ሥር ገብቼ ካምቢዮውን ደረቴ ላይ ተሸከምኩ። ገፋነው። ጣት የምታህል ክፍተት ቀረች።

«ጋሼ፣ ሊጡን አይሞክሩም?»

«ዝም በል! ፊደል ቆጠርኩ ብለህ ልታስተምረኝ ነው? ፍሪሲዮኑ ነው የያዘው፤ ሲሳብ ይገባል።»

ቡሎን አስገብቶ በመፍቻ ይስበው ጀመር። ክፍተቷ ጠበበች። «ይኸው መጣች!» አለ ለሽማግሌዎቹ። ወዲያው ከደረቴ በላይ የአጥንት ስብራት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቡሎኑን የያዘው የካምቢዮው ጆሮ ተገንጥሎ አጠገቤ አፈሩ ላይ ወደቀ።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሐጂ «ዕቃህን ልቀም» ብቻ አሉት። ሙሽራዋ በሚኒባስ ሄደች።

የመፍቻ ሣጥኑን አስፋልቱ ድረስ ተሸከምኩለት። ወደ ጎብዬ የሚሄድ መኪና ስንጠብቅ ዞር ብሎ አየኝ።

«ለምን አላስቆምከኝም?»

«ዝም በል ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት፤ አንቱታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትቼ።

እጁን አነሳ። መፍቻው ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ደግሞ እኔ ተቀምጫለሁ። እጁን መለሰው።

አሁን ከጎማው ክምር ጀርባ የምተኛው እኔ ነኝ። ዘንጉን ወልድያ ወስጄ አስቆረጥኩ፣ ጆሮውን አስበየድኩ። ሊጡንም የሳቀ ይሳቅ ብዬ ጠቀጠቅሁ። ካምቢዮው በእጄ ገባ።

መኪናዋን ልሞክራት ወደ ጎብዬ ነዳኋት። ጋሼ እዚያ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። ዓይኑ ከሩቅ ሰው አይለይም፤ ጆሮው ግን የካምቢዮ ድምፅ አይስትም። አጠገቡ ስደርስ ማርሽ ቀነስኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እንዲሰማው። ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ከጎማው ቀና አለ፤ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ።

ማርሽ ጨመርኩና አለፍኩት።