ለጾም ሰባት፣ ለመኪና አምስት

ትናንት ከሰዓት ባጃጄን አቁሜ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ስገባ፣ ገና ከበሩ ላይ ገንፍሎ ከሰል ላይ የፈሰሰ ወተት ሸተተኝ። አከራያችን ድስቱን ጥዳ ስልኳ ላይ ስታፈጥ ወተቱ ሹልክ ብሎ ወጥቶባት፣ ግማሹ ምድጃው ላይ ተንጨርጭሮ ጠቁሯል፣ ግማሹ መሬት ለመሬት ወደ ቦዩ እየሄደ ነው፤ እሷ ደግሞ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሷን ይዛ ቁጭ ብላለች። ተከራይ ሁሉ ከየክፍሉ ወጥቶ ለቅሶ ደራሽ ሆኗል፤ «አይዞሽ» የሚል አለ፣ የዛሬ ወተት ስንት እንደገባ የሚያስታውሳትም አለ፣ እንደዚህ ዓይነቱን ሰው ነው እኔ የምጠላው። እኔ ግን እዛው በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ያ ትንሽ ጣፈጥ፣ ትንሽ ምርር የሚል የቃጠሎ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ጎትቶ ያደግሁባት መርሳ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ጣለኝ፤ ልሳቅ ወይስ ልናደድ፣ ለራሴም አልገባኝም።

ሰሞኑን መቼም ወጪ ቀንሱ ብሎ የማያስተምር ሰው የለም። ስልኬን ስከፍት ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ «አላስፈላጊ ወጪያችሁን ለዩ» ይለኛል። ምኑን ነው የምለየው ወንድሜ? የቤት ኪራይ፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ሽሮ፤ ለይቼ ልጣል ብል ራሴን ነው የምጥለው። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ተንደርድሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ አላውቅም፤ ግን ይሄ ልጅ እማየን አግኝቷት ቢሆን ኖሮ ሱፉን አውልቆ እግሯ ሥር ይቀመጥ እንደነበር አውቃለሁ።

እማየ በሁለቱ ክፍላችን መሃል ያለውን የጭቃ ግድግዳ በስታ፣ አንዲት አምፖል ቀዳዳው ውስጥ አንጠልጥላ፣ ሁለት ቤት በአንድ መብራት ያኖረች ሴት ናት፤ ታዲያ እኛ ቤት ሰው ሲያወራ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ሌላው ግማሽ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ሳሙና ስትገዛ በክር ቆራርጣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅማ፤ ያንን ድንጋይ የሆነ ነገር ይዛ አንገቴን ስትፈትገኝ ከአረፋው በፊት ቆዳዬ ይመጣ ነበር። የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ትሰነጥቃለች። የፕላስቲክ ጫማዬ ሲበጠስ ቢላ አግላ ታጣብቀዋለች፤ ጠባሳው ከጫማው ስለበዛ የሰፈር ልጆች «ኦፕራሲዮን» ብለው ስም አወጡልኝ። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ፊቷ ላይ ድህነት የሚባል ነገር አይነበብም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ሰው ላይ ብልጫ እንዳገኘች ሁሉ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ ፈገግ ትላለች። ማን ላይ እንደሆነ ግን እንጃ።

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። አንድ ቀን ከማሳ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ጋሪው ተገልብጦ እግሩ ላይ ወደቀበትና ወልድያ ሐኪም ቤት ተኛ። ፈረሱ ወዲያው ተሸጠ። ቤት ውስጥ የቀረችው አንዲት ላም ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች የምትመስል፣ ሻሽቱ የምንላት። የከብት ነጋዴው በየገበያው ማግስት እየመጣ በራችን ላይ ዱላውን ተደግፎ «ኧረ እታለም፣ ላሚቱን ሽጭና ተገላገይ» ይላታል። እማየ ደግሞ ላሚቱ ከሄደች አባቴ ቢድንም ምን ይዞ እንደሚነሳ ስላልታያት፣ «ቆዳዬን ግዛኝ ብትል ይሻልሃል» ብላ ታባርረዋለች። የአባቴ መድኃኒት የሚገዛው በወተቱ ብር ነው። የወተቱ ብር ካነሰ ላሚቱ ትሸጣለች። ነገሩ ይሄው ነው።

ወተቱን የምትወስደው እትየ ዘሃራ ነበረች፣ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ያላት፤ ክርስቲያኑ ሲጾም እንኳ የሷ ደንበኛ ሻዩን በወተት ስለሚፈልግ «ያለሽን ሁሉ አምጪ» ትላታለች። ሑዳዴ ሊገባ ሲል እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ወተት የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ እሱም እኔ ነኝ። እማየ ኩባያዬን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ደግሞ ኩባያውን አየች። ከዚያ ፀጉሬን እየዳበሰች፣ «ልጄ፣ እኮ ነገ ሰባት ዓመት ልትሞላ ነው። ሰባት የሞላው ይጾማል። ወንድ ሆንክ በቃ» አለችኝ።

እኔ ሞኙ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንት ዓመቴ እንደነበር ከዚያ በፊት ጠይቄም አላውቅ። በማግስቱ ሰፈሩን ዞሬ ጾመኛ መሆኔን አወጅኩ፤ ልጆቹ «ምላስህን አሳይ» ሲሉኝ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ አውጥቼ አሳየኋቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባታችን መምሬ ሞገስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «አንበሳ! ጎበዝ ጾመኛ!» ሲሉኝ ያደግሁ ነው የመሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ወተቱ ሲፈላ ጓዳው በር ላይ ቁጭ ብዬ ሽታውን እስብ ነበር። ሽታ ጾም ያስፈታ አያስፈታ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ «ልጁን አሳዪኝ» ብሎ ላከ። መርሳ መናኸሪያ ደርሰን ገና መኪናው ውስጥ ሳንገባ እማየ ማንጎ የምትሸጠዋ ሴት ጥላ ሥር ሳበችኝና ጎንበስ አለች።

«ስማ፣ ረዳቱ ስንት ዓመትህ ነው ካለህ አምስት ነው በል።»

«ሰባት ነህ አላልሽኝም?»

«እሱ ለእግዜር ነው። ይሄ ለረዳቱ ነው።»

ለካ መኪናውም የራሱ ቀኖና አለው፤ ሰባት ያልሞላው ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ አይከፍልም። የቤተ ክርስቲያኑም የመኪናውም ድንበር ያው ሰባት ነው፤ እማየ እኔን አንዱ ጋ ከድንበሩ በላይ፣ አንዱ ጋ ከድንበሩ በታች አድርጋ ማለፍ ነበረባት። ቅጥቅጡ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ እንደ አራስ ልጅ ሸፈነችኝ። ከውስጥ ላብ፣ ናፍታ፣ የበሰለ ማንጎና የሰው እግር ይሸታል። ሊነሳ ሲል ደግሞ ማን ገባ? መምሬ ሞገስ። ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው ልክ ከጎናችን ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እማየ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፣ መስቀል ተሳለመች፣ ከዚያ ነጠላውን ጎትታ እኔን ጨርሳ ቀበረችኝ።

ረዳቱ ብር እየሰበሰበ ደረሰ። ከነጠላው ሥር የወጣውን እግሬን ዓይቶ ቆመ።

«እታለም፣ ይሄ ጎረምሳ ጭንሽ ላይ ምን ይሠራል? የሱንም ክፈይ እንጂ!»

«አምስት ዓመቱ ነው ወንድሜ፣ ሕፃን ነው።»

«አምስት? እግሩ ወለሉን እየጠረገ?»

ከኋላ አንዱ «ጺሙን ጠዋት ላጭታው ነው» አለና መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ ነጠላው ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። ሕፃን? እኔ? በመምሬ ፊት? ነጠላውን ገልጬ ብድግ አልኩና በሙሉ ድምፄ፣

«ሰባት ነኝ! ሑዳዴን እየጾምኩ ነው! መምሬ ይመስክሩ!» አልኩ።

ሳቁ ጭራሽ ባሰበት። ረዳቱ ሰርግ የተጠራ መሰለው፤ «እንግዲህ መምሬ፣ አንቱ ይፍረዱን!» አለ። እማየ አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ሥር ያለው ደም ሥር ሲመታ ይታየኛል።

መምሬ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ለሷ ብቻ እንደሚናገሩ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ወለተ ማርያም፣ እናት አንቺ ነሽ፣ ዕድሜውን የምታውቂ አንቺ። አምስት ከሆነ ጭንሽ ላይ ይቀመጥ፤ ጾምም የለበትምና ከዛሬ ጀምሮ ወተቱን ስጪው። ሰባት ከሆነ ደግሞ ይጹም፣ የሰውየውንም ሒሳብ ክፈዪ» አሉ።

ሞተሩ ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል። እማየ መምሬን ሳይሆን እኔን አየችኝ፣ ረጅም አየችኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አየኋት። ከዚያ እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ፣ ቋጠሮውን ፈታችና ከመድኃኒቱ ብር ላይ ቀንሳ ለረዳቱ ሰጠችው።

«ሰባት ነው» አለች።

አሸነፍኩ! ከጭኗ ወርጄ ቆምኩ። ችግሩ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር የከፈልኩበት ወንበር የለም። አንዲት ሂጃብ የለበሱ እናት «ና ልጄ፣ በአላህ አትውደቅብን» ብለው ጎተቱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ ረዳቱ «አጀብ! ከፍሎም ጭን ላይ!» ብሎ ደግሞ አሳቀ። እኔ ግድ አልሰጠኝም። የሲሪንቃ ሜዳ በመስኮቱ ሲሮጥ እያየሁ መሃል ላይ ወደ እማየ ዞር ስል፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች። እግዚኦታ እየቆጠረች ይሁን እስከ ፋሲካ የቀረውን የወተት ቀን፣ ያን ቀንም አላወቅሁ፣ ዛሬም አላወቅሁም።

በመልሱ መምሬ አልነበሩም፣ ረዳቱም ሌላ ነበር። ወልድያ ሰባት ሆኜ ገብቼ አምስት ሆኜ ወጣሁ፤ ነጠላው ሥር ዝም ብዬ ተኛሁላት።

ላሚቱ አልተሸጠችም። አባቴ ከፋሲካ በኋላ እያነከሰ መጣ፣ በሻሽቱ ጥጃ ሽያጭ ጀምሮ ቀስ በቀስ ፈረስ ገዛ። ቤታችን ዳነ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዓመታት አልፈው፣ ሒሳብ የሚባለው ነገር ትንሽ ሲገባኝ፣ አንድ ቀን ባጃጅ ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ድንገት ደነገጥኩ። የአንድ ልጅ የመኪና ሒሳብ በአንድ በኩል፣ እስከ ፋሲካ ያለው ወተት በሌላ በኩል ቢቀመጥ፣ መክፈሉ ነዋ የሚያዋጣው! «አምስት» ብላ ቢሆን ኖሮ የመኪናውን ሒሳብ ታተርፍና ወተቱን፣ ከወተቱ ጋርም ላሚቱን ልታጣ ትችል ነበር። እና ያን ዕለት ያየችኝ ምን ብላ ነው? ሰው ፊት ሰባት ነኝ ብሎ የጮኸ ልጇ እንዳያፍር ነው የከፈለችው ወይስ ዋጋ ተምና? በዚህ ነገር ስንቴ ተናድጄ ስንቴ እንደራራሁ። ልናደድባት ስል የዚያን ዕለት አንገቷን የደፋችው ትዝ ይለኛል። ልራራላት ስል ደግሞ ጓዳው በር ላይ ሽታ የሚስበው ልጅ ይመጣብኛል፣ እሱም እኮ ሰው ነው።

ልጠይቃት ሳስብ ሳስብ ሞተች። እንደዚህ ነኝ፤ የማይጠየቀውን ሁሉ እየተቆጣሁ እጠይቃለሁ፣ የሚጠየቀውን ለነገ አሳድራለሁ። አባቴን ብጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የልጅ ዕድሜ የምታውቅ እናትህ ናት» አለኝ፣ እሱ እቴ። አርባዋ የወጣ ዕለት ግን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል፣ ዓይናቸው የደከመውን መምሬ ሞገስን ጠጋ ብዬ ያን የመኪናውን ነገር አነሳሁባቸው። ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፣ ግን ሳቁ።

«ያጠመቅሁህ እኔ አይደለሁ?» አሉኝ። «አምስትም አልነበርክ፣ ሰባትም አልነበርክ። ስድስት ነበርክ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?»

«ባሏ የተኛባትን ሴት ሰው ፊት ዋሸሽ ልበላት? ምረጪ አልኳት፣ መረጠች።»

«እኮ ለምን ሰባትን መረጠች? ለላሚቱ ነው ለኔ?»

መምሬ ሳቃቸውን አቆሙ። መስቀላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱና፣ «ነግራኛለች» አሉ። «በንስሐ ነው የነገረችኝ። የተናገረችው ለሱ ነው እንጂ ለኔም አይደለም፣ ላንተማ እንዴት ብዬ?» ብለው ወደ ሰማይ አዩ። የያዝኩት ብርጭቆ እጄ ላይ እንዳለ ተነስቼ ወጣሁ። እዛ ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ የኔን ነገር ደረቱ ውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል፣ ቁልፉን ደግሞ ቀብረነዋል፤ ማንን ልስደብ?

አንዳንዴ ተሳፋሪ ጠፍቶ ጥላ ሥር ስቆም ያቺን ዓመት እፈልጋታለሁ። አምስት ሆኜ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። ሰባት ሆኜ ጾሜአለሁ፣ መስቀል ግንባሬ ላይ አርፏል። ስድስት ሆኜ ምን እንዳደረግሁ ግን ምንም አላስታውስም። ስድስት መሆኔን ታውቅ የነበረች እሷ ነበረች፤ ለእግዜር አንድ ጨምራ፣ ለረዳቱ አንድ ቀንሳ፣ መሃሉን ለራሷ አስቀርታ ይዛው ሄደች።