ለመርዶ ሰው የታጣባት የውቅያኖስ ዳር ከተማ

ቁሓ፣ በጥር መጨረሻ

የቪዛ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው «ለመምህራን ሥልጠና» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ትምህርት ቤታችን ለአንድ ሳምንት ፊላደልፊያ ልኮኛል። እናቴ ግን ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አንገቴን አቅፋ ስትሰናበተኝ ስለ ሥልጠናው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ወደይ፣ ልጄ፣ አደራህን! ብቻውን እንዳይሰማ» ነው ያለችኝ።

የሚሰማው ታናሽ ወንድሜ ኪሮስ ነው። ጦርነቱ ሳይነሳ አሜሪካ ገብቶ እዚያው ቀረ። አባታችን ከሞተ ወራት ቢያልፉም ኪሮስ አልተነገረውም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛው ማታ በደንብ እንዲበላ ይደረግና፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ያረዳዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ መኖር አለበት። ስለዚህ ኪሮስ ደውሎ አባታችንን በጠየቀ ቁጥር እናታችን አደይ «አቦይ ተኝቷል»፣ «አቦይ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» እያለች ከረመች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ልጁ መርዶውን ሳይሰማ አይሆንም ብላ ተዝካሩንም አቆይታዋለች።

ሻንጣዬ ከበርበሬውና ከሽሮው ይልቅ ቆሎ ሞልቶት ነበር። «ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው» ብላ አንድ ከረጢት ገብስና ሽምብራ ቆልታ ሰጥታኛለች። እኔም አሜሪካን አይቼ አላውቅም፤ ለቀስተኛ አይጠፋም ብዬ ተሸከምኩት።

ወደ ውቅያኖሱ

ሥልጠናው እንዳለቀ ከፊላደልፊያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትኬቱ ሃያ ሁለት ዶላር ነው። ከተማው ካለቀ በኋላ መንገዱ አሸዋ ላይ የበቀለ አጭር የጥድ ጫካ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጥድ፣ አሁንም ጥድ። ሜዳው ጭራሽ ጉብታ የለውም። እንደርታ ላደገ ሰው ዓይን ማሳረፊያ ተራራ ማጣት ያስጨንቃል፤ አድማሱን ስቃኝ ቆየሁ።

ኪሮስ ወደ ከተማው ከሚያሻግረው ድልድይ ወዲህ ባለው ማቆሚያ ፒክአፑን አቁሞ ጠበቀኝ። «ዋእ! ሓወይ፣ ወንድሜ!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ከዚያ ፊቴን አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት አላየኝም። ስለ አደይ ጠየቀ፣ ስለ ጎረቤት ጠየቀ፣ ስለ መቐለ ሓወልቲ ሰፈር አዳዲስ ካፌዎች ሳይቀር ጠየቀ። ስለ አቦይ አልጠየቀም። ተመስገን፣ አልጠረጠረም አልኩ። ሞኝ ነኝ።

ከተማዋ

የወንድሜ ከተማ በውቅያኖስና በሐይቅ መሰል ውኃ መካከል የተዘረጋች ቀጭን አሸዋ ናት። ወደ እሷ የሚያስገባው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። «ታውንሺፕ ይሏታል» አለኝ ኪሮስ። «ከወረዳ ታንሳለች፣ ግን የራሷ ከንቲባ አላት። በሙቀቱ ወራት መንገዱ እንደ አሸንዳ ሰሞን ሰው በሰው ነው። አሁን ግን ብርድ ነው፣ ሁሉም ሄዷል።»

ሁሉም ሄዷል ሲል ነገሩን እንዲህ አልገመትኩትም። ቤቶቹ ማዕበል እንዳይወስዳቸው በእንጨት እግር ላይ ቆመዋል፤ በረድፍ በረድፍ፣ መጋረጃቸው ተዘግቶ። አይስክሬም ቤቱ በጣውላ ታሽጓል። የትራፊክ መብራቱ ለማንም ቢጫ ብልጭ ድርግም ይላል። ከመብራቱ ሥር፣ የዋናው መንገድ መሐል ላይ፣ አንድ ቀበሮ ቁጭ ብላለች። መኪናችን ስትቀርብ እንኳ አልሮጠችም፤ ተነሥታ እንደ ባለቤት ቀስ ብላ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

የኪሮስ ሥራ እነዚህን ባዶ ቤቶች መጠበቅ ነው። ውኃው ቧንቧ ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ እየዞረ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከእሱ ጋር ገብቼ አየሁ። አንዱ ቤት ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ለስምንት ሰው ተዘርግቷል፤ ሳሕኑ፣ ብርጭቆው፣ ጨርቁ ሁሉ በቦታው፣ ላዩ ላይ አቧራ። ማን ሊመጣ ነው ብዬ ጠየቅሁ። «ማንም» አለኝ፣ «እንዲህ አድርገው ነው የሚሄዱት።»

የባሰው አመሻሹ ነው። ባሕሩ እየጠቆረ ሲሄድ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ መብራት አበሩ። አንደኛው ሳሎን ቴሌቪዥን ጀመረ። እኔ አማተብኩ። ኪሮስ ሳቀብኝ፤ «የተሞላ ሰዓት ነው የሚያበራው፣ ሌባ ሰው ያለ እንዲመስለው።» ከሳቀ በኋላ ግን መስኮቶቹን እያየ፣ «አንዳንዴ እኔም ሰው ያለ ይመስለኛል» አለ።

በየቀኑ ያስጎበኘኛል። የውኃ ማማውን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ማዕበል የቆረሰውን የእንጨት መራመጃ አሳየኝ። አፌን ልከፍት ስል ሌላ ቦታ ያሳየኛል። እራት ሳቀርብለት «አልራበኝም» ይላል። ጎህ ሲቀድ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው፤ ወጥቼ በጭጋጉ ውስጥ በእነዚያ ባለ እግር ቤቶች መካከል ስሙን እየጠራሁ እፈልገዋለሁ። ድምፄ ከቤት ቤት እየተጋጨ ይመለሳል። ከዚያ ከአንዱ ቤት የእጅ ባትሪ ይዞ ይወጣል፤ «ቧንቧ ላይ ነበርኩ» ይለኛል።

እኔም ፈራሁ። የምፈራው ከተማውን ብቻ አልነበረም። የመመለሻዬ ቀን እየደረሰ ነው፣ ሰውም የለም። እዚህ ካረዳሁት የሚወድቀው በእኔ አንድ ሰው ክንድ ላይ ነው፤ ከዚያ እኔ እሄዳለሁ።

ዶሪስ

ብርዱን ሁሉ ክፍት የሚሆን አንድ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቷ ዶሪስ የምትባል ፀጉሯ የነጣ ሴት ናት። ሁለት እንቁላል ከድንችና ከዳቦ ጋር አሥራ አራት ዶላር ትሸጣለች፤ በዚያ ዋጋ መቐለ ላይ ጓደኛ ይጋበዛል። አንድ ጠዋት ኪሮስ ሥራ ላይ እያለ ብቻዬን ስበላ፣ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በጣሪያው ላይ አለፈ። ራሴን ያገኘሁት ጠረጴዛው ሥር ነው። በጦርነቱ መቐለ የከረመ ሰው ይህን ይረዳዋል።

ዶሪስ አልሳቀችም። «የባሕር ጠባቂዎቹ ናቸው» ብላ እጄን ይዛ አስነሣችኝ፤ ፊት ለፊቴም ተቀመጠች። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት፣ ለምን እንደመጣሁም ተከትሎ ወጣ።

«ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አትነግረውም?» አለችኝ።

«ሰው የለውም።»

«ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ሲወድቅ የሚይዘው።»

«መጥተን ምን እንበል?»

«ምንም። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ መቆም ብቻ።»

«መቆም እችላለሁ» አለች። «ቢል የሚባለውን የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኛም አመጣዋለሁ። ሌላ ሰው ግን ከየት እንደማመጣልህ አላውቅም።»

ማለዳ

ለማግስቱ ጎህ ከዶሪስ ጋር ተቀጣጥሬ፣ በዚያ ምሽት ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ኪሮስ ሳሕኑን ብዙ ጊዜ አየው። «ልብላ?» አለኝ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ብላ፣ ሓወይ» አልኩት። እንጥፍጣፊ ሳያስቀር በላ። የዚያን ጊዜ ገባኝ። ከአውቶቡሱ ስወርድ ፊቴን ካየ ጀምሮ ያውቃል። እራቱን የሸሸው፣ ማለዳ ማለዳ የጠፋው ለዚህ ነበር። አሁን እሺ ብሏል።

ጎህ ሲቀድ ራሱ ተነሥቶ ለበሰ፣ ራሱ በሩን ከፈተ። ጭጋጉ ከደረጃው ሥር ደርሷል። ዶሪስና ቢል ቆመዋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። ከጀርባቸው ደግሞ ረዥም የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ፊቱ በቆቡ ተሸፍኗል። ዶሪስ አንድ ሰው ጨምራ አገኘች ብዬ ደስ አለኝ።

«አቦይ ነው?» አለ ኪሮስ።

«አቦይ ነው» አልኩት።

የጮኸው ጩኸት በባዶው መንገድ ላይ እስከ ውቅያኖሱ ሄደ። ደረጃው ላይ ወደ ፊት ሲወድቅ ከሁላችንም ቀድሞ የደረሰው ያ ከኋላ የነበረው ሰው ነው፤ በብብቱ ሥር ያዘው። ቢል ቀጥሎ ደረሰ፣ እኔም ደረስኩ፣ ዶሪስ ግንባሩን በመዳፏ ያዘች።

ወደ ቤት አስገባነው። እስከ እኩለ ቀን አብረውን ተቀመጡ፤ የአደይን ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ እየዘገኑ፣ ቃል ሳይናገሩ። ያ ባለ ካፖርቱ ብቻ አልገባም። ሥራ ይኖርበታል ብዬ አለፍኩት።

መልስ

ቁሓ ስደርስ አደይ ከጎረቤቶቿ ጋር ቤት ሆና ጠበቀችኝ። ምን አለ፣ እንዴት ሆነ አላለችኝም። «ሰው ነበረው?» ነው ያለችው።

«ነበረው። ሦስት ሰው» አልኳት። ዶሪስና ቢልን በስም ነገርኳት። በጸሎቷ ልታስባቸው ስማቸውን ደጋግማ አጠናች። የሦስተኛውን አላውቅም ስላት ተቆጣች፤ «ልጄን የደገፈ ሰው ስሙ አይጠየቅም እንዴ!» እዚያው በስልኩ ድምፅ ማጉያ ኪሮስ ጋ አስደወለችኝ።

መጀመሪያ እሱና አደይ ተላቀሱ፤ ለወራት የታፈነ ለቅሶ ነው። ከዚያ ስለ ሰውየው ጠየቅሁት።

«እኔም ላመሰግነው ስፈልገው ነው የሰነበትኩት» አለ። «ዶሪስ ከቢል ሌላ አላመጣሁም አለችኝ። ቢል ደግሞ ከአንተ ጋር የመጣ የሀገራችን ሰው መስሎት ነበር። ሓወይ፣ ብርዱን እዚህ የሚከርመውን ሰው ሁሉ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ የለም።»

ጎረቤቶቹ ተያዩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ካለ፣ ባዶ ነው ብዬ ስለ አንድ ቦታ ደፍሬ መናገር እንደሌለብኝ ነው።

አደይ ግን አልደነገጠችም። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ወደይ፣ አጥብቆ ያዘህ?»

«ያዘኝ፣ አደይ።»

«እጁ እንዴት ነበር?»

«ሙቅ ነበር፤ እንደ አቦይ» አለ ኪሮስ።

አደይ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ የተዝካሩን ቀን ቆረጠች።