የነካሁት እንጂ ያልበላሁት

ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት የአሳማ ሥጋ ቆራጭ ሆንኩ።

ከዚያ በፊት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። አስመራ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ሲቀር ባልደረቦቼ ወደ ሌላ ትምህርት ተዛወሩ፤ እኔ ተራሽ እስኪደርስ ጠብቂ ተብዬ ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ እዚያው የምንኖርበት ዓኽርያ ሰፈር ውስጥ መካኒክ ነበር። እናቱም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ መሀል ከተማ አንዲት ጣልያናዊት ባለሱቅ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ስትነግረኝ፣ ምን እንደሚሸጡ እንኳ ሳልጠይቅ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ፎርማጆ የሚሉት አይብ አለ፣ የወይራ ዘይት አለ፣ ከጣሪያው ደግሞ ሳላሜና ፕሮሹቶ የሚባለው የአሳማ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ሲኞራ የምንላቸው ባለሱቋ አስመራ ተወልደው አስመራ ያረጁ፣ ትግርኛ እንደ እኛው የሚናገሩ መበለት ነበሩ። የሥጋ መቁረጫውን ማሽን አሳዩኝና "እንደ ወረቀት አሳስተሽ ቁረጪው" አሉኝ። በዚያን ቀን እጄን ስንት ጊዜ በሳሙና እንደታጠብኩ አላስታውስም። እኛ ዘንድ አሳማ አይበላም፤ ማዕድ ላይ ስሙም አይነሳም። ነካሁት እንጂ አልበላሁትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ለአማቴ "ፎርማጆ እሸጣለሁ" አልኳቸው። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ የደበቅኩት ግን ብዙ ነበር።

አማቴ ቅዳሜን እንደ እሑድ የሚያከብሩ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ እሳቸው ባሉበት ቤት ልብስ አይታጠብም፣ እህል አይፈጭም፣ መርፌ አይያዝም። የሱቁ ዋና ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ለብሼ ስወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ያን ያህሉን ችዬው ቆየሁ።

አንድ ቅዳሜ ከአማቴ የማኅበር ጓደኞች አንዷ በሱቁ መስኮት በኩል ስታልፍ አየችኝ። እኔም አየኋት። እጄ ማሽኑ ላይ ነበር፤ ሞርታዴላ የሚባለው የአሳማ ሥጋ መዳፌ ላይ ተዘርግቷል። ማታ ቤት ስገባ አማቴ ሰላምታዬን አልመለሱም። ሻሂ ቀዱልኝ፤ ግን በብርጭቆ ሳይሆን ከየት እንዳመጡት በማላውቀው ጣሳ።

"ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው" አሉኝ።

በማግስቱ ሊጥ ላቦካ ስነሳ ገበታውን ከፊቴ አነሱት። ባለቤቴን ብቻውን ሳገኘው ያዝኩት።

"እናትህ የሚያደርጉትን አይተሃል?"

"አደይን ታውቂያቸዋለሽ" አለኝ፤ እናቱን ሁለታችንም የምንጠራቸው እንዲያ ነው።

"አንተስ? በእኔ እጅ የተጋገረ ትበላለህ?"

"እበላለሁ" አለኝ። ግን ዘግይቶ ነው የመለሰው። ያችን መዘግየት ለብዙ ጊዜ አልረሳኋትም።

የዚያ ወር ማኅበር የእኛ ቤት ተራ ነበር። አማቴ እንድትጋግር ሌላ ሴት ጠርተው እኔን ጓዳ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ሴቶቹ መጡ፤ የሁላችንም የንስሐ አባት የሆኑት ሽማግሌ ቄስም መጡ። ጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን ስሰማ ደሜ ፈላ። እንዲህ ተደብቄ እስከ መቼ? ማስታጠቢያውን አንስቼ ወጣሁና ከቄሱ ጀምሬ ማስታጠብ ያዝኩ። ያቺ በመስኮት ያየችኝ ሴት ጋ ስደርስ እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጥኩት።

"አባ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ልጠይቅዎት። የሚያረክሰኝ የነካሁት ነው?"

ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሴትየዋ ቀደመቻቸው። "ኦሪት በድኑንም አትንኩ ይላል!"

"ኦሪት ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር የተቀላቀለ ልብስም አትልበሱ ይላል" አልኳት። "ያ የለበስሽው ሹራብ ከምን እንደተሠራ ጠይቀሽ ነው የገዛሽው? ለጴጥሮስስ ያ እንስሳ ሁሉ የሞላበት ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድለት አርደህ ብላ አልተባለም?"

የመለሱልኝ ከጥግ የተቀመጡት አማቴ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ያወቁትን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ነው የሰሙት።

"ተባለ እንጂ መቼ በላ? አልበላም። ነገሩ ሰውን ርኩስ አትበል ለማለት ነበር፤ ስለ ሥጋ አይደለም።"

መምህርት ሆኜ ያን ሁሉ ዓመት ሳነበው በላ ወይስ አልበላም ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቄሱ ረጋ ብለው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "መንካትሽ አያረክስሽም" አሉ። "አለመብላታችንም ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ነው እንጂ መብል በራሱ ከእግዚአብሔር የሚለየን ሆኖ አይደለም።" ሴቶቹ አጉረመረሙ። ቄሱ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ። "እኔን የሚያስጨንቀኝ ቅዳሜሽ ነው። ሰንበት ናት። ቅዳሜ ያንን ማሽን አትንኪው።"

"ቅዳሜ ካልሠራሁ ሥራው የለም፣ አባ።"

"እንግዲያው ሥራው የለም።"

በዚያ ቤት ደስ ብሎት የቀረ ሰው አልነበረም። አማቴ ቄሱ አሳማውን አቅልለው በማየታቸው ተቆጡ፤ እኔ ቅዳሜዬን በመከልከላቸው። ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም በጥድፊያ በልቶ ሄደ። ሲኞራዋን ሰኞ ዕለት ለመንኳቸው። "ሌላ ቀን ዕረፊ፤ ቅዳሜን ግን አትጠይቂኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለብሼ ስወጣ አማቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ቆምኩ።

"ቁጭ በይ" አሉኝ።

"አውቶቡሱ ያመልጠኛል፣ አደይ።"

"ኣይፋልን፣ አይሆንም፣ ቁጭ በይ።"

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ መንገዱ እያዩ ተናገሩ፤ እኔን አላዩኝም። ልጃገረድ ሳሉ ገጀረት ሰፈር ውስጥ አንድ ጣልያን ቤት ተቀጥረው ነበር። እመቤቲቱ አሳማ ታስጠብሳለች፤ የተረፈው ለሠራተኞች ይሰጣል። ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ ብቻ እየበሉ ቆዩ።

"ከዚያ አንድ ቀን ምጣዱን ሳጥብ ጣቴን ላስኩ" አሉ። "በማግስቱ በላሁ። ለንስሐ አባቴ መብላቴን ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናም ተቀብያለሁ። ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ።" ድምፃቸው ወረደ። "ጣፈጠኝ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ነካሁ እንጂ አልበላሁም ትያለሽ። እኔም ነክቼ ነው የጀመርኩት።"

ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሱም። እጃቸውን መያዝ አማረኝ፤ ግን እጄ ያ እጅ ነበርና ፈራሁ።

"ልሂድ፣ አደይ?" አልኩ በመጨረሻ።

"ሰንበት ነው።"

"አውቃለሁ።"

ጉልበታቸውን ወደ ጎን ሰበሰቡ። በከፈቱልኝ ክፍተት አልፌ ወጣሁ፤ ፌርማታው እስክደርስ ዞሬ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሠራሁ፤ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። ወደ ቁርባን አልቀረብኩም፤ ቄሱም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። አማቴ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሊጥ እንዳቦካ ተዉኝ፤ ለምን እንደተዉኝ ግን አልነገሩኝም። ተራዬ ደርሶ ትምህርት ቤት ስጠራ ሱቁን ለቀቅኩ። አሳማ ዛሬም አልበላም። ቅዳሜ ግን ልብስ አጥባለሁ። የትኛው ይበልጥ ትክክል እንደሆነ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ያን ቀን ቄሱ ፊት እንደነበረኝ ያለ ድፍረት ዛሬ የለኝም።

አማቴ ካረፉ ከዓመታት በኋላ የነገሩኝን ለባለቤቴ ነገርኩት።

"አደይ? አሳማ?" አለ። ከዚያ ተነስቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። "ስላረፈ ሰው እንዲህ አይባልም" አለኝና ወጣ።