ዘንዶውና የዕድሩ ሸራ

ዘንዶው ልጅቷን ሊውጣት አፉን ቢከፍትም፣ ልጅቷ እግሬን ሳልታጠብ አልዋጥም ብላ አስቸገረችው። ሁለቱም የአሰፋች እጆች ናቸው። ግራ እጇ አረንጓዴ የሹራብ እጅጌ ውስጥ ገብቶ፣ ጥርሱ ከተበላሸ ዚፕ የተሠራ ዘንዶ ሆኗል። ቀኟ የያዘው ቀሚስ የለበሰ የእንጨት ማንኪያ ደግሞ የንጉሥ ልጅ ነው።

አሰፋች ራሷ አትታይም። አቃቂ በሰቃ፣ በአንድ አፀደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል ከተወጠረ ሸራ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተንጋላ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ታጫውታለች። ክር ፋብሪካ ስትሠራ ምሳ ሰዓት ላይ ጓንቷን እንደ አሻንጉሊት እያናገረች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን የሚስቅላት ሰው አጣች። ለዚህ ነው የአፀደ ሕፃናቱን ዳይሬክተር ሊዲያን ደጅ የጠናችው። ባለፈው ዓመት አንድ ተረት ነጋሪ በጅብ ድምፅ ግማሹን ክፍል አስለቅሶ ወላጆች ተቆጥተው ነበርና፣ ሊዲያ ዛሬ አንድም ልጅ ካላለቀሰ አርብ ከሰዓት ያንቺ ነው፣ ካለቀሰ ግን በቃ አለቻት።

ተረቱን ልጆቹ ያውቁታል። ምንጩን ለያዘው ዘንዶ በየዓመቱ አንዲት ልጅ ትሰጣለች፤ በመጨረሻ ፈረሰኛ መጥቶ ያድናታል። የአሰፋች ዘንዶ ግን ጥርሱን ያመዋል። ፈረሰኛውም ከሳሪስ ተነስቶ ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪኖች ኋላ ቆሟል። ልጅቷ በደወለች ቁጥር «ደረስኩ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው» ይላል። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ።

ይሄኔ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ገዳ በበሩ ገባ። ዕድሜ የጠገቡት አባባ ወልደሚካኤል ጠዋት አርፈዋል፤ ድንኳኑ ሲተከል አንድ ጎኑ ጠፋ። የዕድሩን የንብረት ክፍል ቁልፍ የምትይዘው አሰፋች ናት። የድንኳኑ ሸራ ከለቅሶና ከሠርግ ውጪ እንደማይወጣም ከማንም በላይ ታውቃለች። ለአንድ ሰዓት ማን ይሞታል ብላ ነው ያወጣችው።

ጋሽ ገዳ ገመዱን ፈታ። ሸራው ወደቀ። አሰፋች ሻሿ ተንሸራቶ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ እንደተንጋለለች ታየች። ፊት የተቀመጠችው ፌኔት የታች ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊዲያ በሩ ላይ ሆና ልጅቷን ታያለች።

አሰፋች አልተነሳችም። ዘንዶው ወደ ጋሽ ገዳ ዞረ።

«ጋሽ ገዳ፣ ሰው ራት ላይ እያለ ቤት ይፈርሳል እንዴ?»

ጋሽ ገዳ ሥራው መርዶ ነውና ሰው ፊት አይስቅም። ለጠየቀው ሁሉ ግን ይመልሳል።

«ይቅርታ» አለው ለዘንዶው። «አባባ ወልደሚካኤል አርፈው ነው።»

ዘንዶው አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚባል ቤታቸው ሰምተዋል።

ማንኪያዋ ቀና አለች። «ፈረሰኛው እርስዎ ነዎት? ምነው ዘገዩ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው» አለ ጋሽ ገዳ። እውነቱን ነው፤ ከዋናው መንገድ እዚህ ለመድረስ በከባድ መኪኖች መሃል ሲሹለከለክ ነው የቆየው። ትርኢቱን አላየም፤ ልጆቹ ለምን እየጮኹ እንደሚዘሉ አልገባውም። ይውሰዷት፣ ይውሰዷት አሉት። ሊዲያን አየ፣ አሰፋችን አየ። ከዚያ ማንኪያዋን ከእጇ ነጥቆ ኮቱ ኪስ ከተተ፤ ሸራውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

«እኔስ ምን ልብላ?» ብሎ ዘንዶው ከኋላው ተጣራ።

«ሽሮ ብላ» አለችው ፌኔት።

አሰፋች ያን ቀን ለቅሶ ቤት ሳህን ስታቀርብ አመሸች። አንገቷን ደፍታ፣ ሰው እንዳያያት ሁለት ጊዜ ሳቀች።

በወሩ ስብሰባ የዕድሩ ዳኛ ቁልፉን ተቀበላት። አርብ ከሰዓት ግን ከመስከረም ጀምሮ የእርሷ ሆነ።