መስጊድ በር ላይ የተተከለው የሲጋራ ሱቅ

ጅግጅጋ ጫት ተራ ውስጥ ቀለምወርቅን የማያውቅ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ሲመጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሲጋራና ማስቲካ የደረደረበትን ሳጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሱቅ በደረቴ ሆኖ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ዞሯል። የቆርቆሮ ሱቁን የከፈተ ዕለት ማንጠልጠያው የላጠውን ማጅራቱን እየዳበሰ፣ «ከእንግዲህ ብሞት አንገቴ ላይ ሳጥን አላጠልቅም» ብሎ ማለ። ሳጥኑን ግን አልጣለውም፤ መደርደሪያው ሥር ወሽቆ የክብሪት ማስቀመጫ አደረገው።

በ2006 ዓ.ም. ለመንገድ ማስፋፊያ ተራው በሙሉ ይነሳ ተባለ። ጫት ሻጮቹ ከኋላ ያለ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገቡ። አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን አብራው የሠራችው ጫት ሻጯ ናስትሆ፣ «ቀለሜ፣ አጠገቤ ቦታ ይዤልሃለሁ፤ ቶሎ ና» አለችው። ሄዶ አየና አፍንጫውን ነፋ።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ማን ያየኛል?»

ጉድ እኮ ነው። ሲጋራው የሚሸጠው ጫት ይዞ ለሚሄድ ሰው መሆኑን ያን ዕለት ረሳው። ዓይኑን የጣለው ሌላ ቦታ ነበርና። አንድ አርብ በመስጊድ በኩል ሲያልፍ ከስግደት የሚወጣው ወንድ መንገዱን ሞልቶት አይቶ ጎመዠ። ከዚህ ሁሉ ሰው ሩቡ እንኳ ቢያጨስ ብሎ ያለ የሌለውን ለስድስት ወር ኪራይ ከፈለ። ቆርቆሮውን በአህያ ጋሪ አስጭኖ ልክ ከበሩ ትይዩ ተከለው።

ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፤ ማንም አልቆመም። የአሥር ዓመት ደንበኛው ዋበሪ እንኳ ከሶላት ሲወጣ አይቶት ሰላም ሳይለው ፊቱን አዞረ። ወር ሳይሞላ የቀለምወርቅ እራት ሻይ በደረቅ ዳቦ ሆነ።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ዋበሪ በጓሮ በኩል ዞሮ መጣ።

«አትቀየመኝ ወንድሜ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሼኹ ቆመው እያዩ፣ አባቴ አብሮኝ እየወጣ፣ እንዴት ብዬ ሲጋራ ልግዛ? ወላሂ፣ እዚህ የሚያጨስ ሁሉ ተደብቆ ነው የሚያጨሰው።»

«ሳልተክለው በፊት ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ መች ጠየቅከን?»

ቀለምወርቅ ወደ ናስትሆ በረረ። ቦታውን ጃማ የሚባል ሌላ ሲጋራ ሻጭ ይዞታል። «ሁለት ሳምንት ጠበቅኩህ እኮ» አለችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ አዘነችለት።

ሌላ ቦታ የሚከራይበት ገንዘብ ስላልነበረው በማግስቱ ቆርቆሮውን ሸጠ። ሳጥኑን ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አቧራውን አራገፈና ሲጋራውን ደረደረበት። ማንጠልጠያው በስብሶ ስለነበር ናስትሆ ከጫት እስር ላይ የፈታችውን ገመድ ሰጠችው። ስድስት ሰዓት ላይ የጫቱ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ፣ የአርባ ዓመቱ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመዱን አንገቱ ላይ አጠለቀና ወደ ቅያሱ ገባ። «ሲጋራ፣ ማስቲካ» እያለ በጃማ ፊት ለፊት አለፈ።